ካርዱ ጎንደር፣ ኮዱ አሜሪካ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ የባንክ ካርድን፣ በተለይም የክሬዲት ካርድን (ከባንኩ በብድር የሚከፈልበትን ካርድ) ሒሳብ፣ ከጎንደር ሆኖ በኦንላይን መክፈትና ማስተዳደር ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ያነሡት ነገር ከውጭ አገር የተመለሱ ብዙ ወገኖቻችንን የሚያስቸግር በመሆኑ ሰፊውን ቦታ የያዘው የእርሳቸው መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 66 ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ 22 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዬ ጎንደር ተመልሻለሁ። እዚያ ሳለሁ ያወጣሁት ክሬዲት ካርድ አሁንም በእጄ አለ። የአሜሪካ ስልኬን ግን ወርሃዊ ክፍያው ስለከበደኝ ከወራት በፊት ዘጋሁት። አሁን ወደ ሒሳቤ ለመግባት የይለፍ ቃሌን በትክክል ሳስገባ ‹‹ወደ ስልክዎ የላክነውን ኮድ ያስገቡ›› ይለኛል፤ ኮዱ የሚሄደው ደግሞ በዘጋሁት ቁጥር ነው። ካርዱ በየወሩ 15 ቀን ስለሚከፈል ጥር 15 እንዲከፍልልኝ እዚያ ላለው የእህቴ ልጅ ነግሬው ከፈለ፤ ሆኖም ዘግይቷል ተብሎ እንደተቀጣሁ በኢሜይል ተጻፈልኝ። ከዚህም ሌላ ፒያሳ ካለ ኤቲኤም በካርዱ ብር አውጥቼ ነበርና የታሰበብኝ ወለድ ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሦስት ችግሮች ተደራርበዋል፤ በየተራ የሚፈቱ ናቸውና ከበሩ እንጀምር። የካርድ ሒሳብ በኦንላይን ሲከፈት ባንኩ ሁለት ማረጋገጫ ይፈልጋል። አንደኛው እርስዎ ብቻ የሚያውቁት የይለፍ ቃል ሲሆን ሁለተኛው በእጅዎ ባለው ስልክ የሚደርስ ኮድ ነው። ካርዱ ቦርሳዎ ውስጥ ቢሆንም፣ የይለፍ ቃሉንም አንዲት ፊደል ሳይስቱ ቢያስታውሱም፣ ባንኩ ከሩቅ ሆኖ የሚያውቅዎት በመዝገቡ ላይ በሰፈረው ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ነው። ስልኩን የዘጉ ዕለት ቁልፉን ውስጥ ትተው በሩን እንደ ዘጉ ይቁጠሩት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ነገሩ ከመጉላላት አልፎ አደጋ ስላለው ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት የተዘጋ ስልክ ቁጥር ቢያንስ 45 ቀን ከቆየ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። የእርስዎ ቁጥር ከተዘጋ ወራት ስላለፉ ዛሬ በማያውቁት ሰው እጅ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ‹‹ኮዱ ይላክልኝ›› ባሉ ቁጥር ኮዱ የሚደርሰው ለዚያ ሰው ነው። ስለዚህ ደጋግሞ መሞከሩን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ያልተሳካ ሙከራ ሲበዛ ሒሳቡ ራሱ ሊቆለፍ እንደሚችልም አይዘንጉ።

ቀጥሎ ካርዱን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ጽሑፍ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ይገኙበታል። አንደኛው በ800 የሚጀምር ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው ነፃ ነው፤ ከእኛ አገር ሲደወልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። ሁለተኛው ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ደንበኞች የተዘጋጀ ነውና የሚደውሉት በዚያ ነው። በመዝገብ ላይ ያለውን አድራሻዎን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን የመጨረሻ አራት አኃዞች፣ እንዲሁም በቅርቡ በካርዱ የከፈሉባቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ሊጠይቁዎት ስለሚችሉ እነዚህን ወረቀት ላይ አስፍረው ይጠብቁ። ማንነትዎ እንደ ተረጋገጠ፣ ስለ ቅጣቱም ስለ ወለዱም ከማንሣትዎ በፊት፣ አሮጌው ስልክ ቁጥር ከመዝገቡ እንዲሰረዝ ይጠይቁ። ከዚያ በ251 የሚጀምረው የኢትዮጵያ ቁጥርዎ ይመዘገብ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚቀበሉ ባንኮች አሉ፣ የአሜሪካ ቁጥር ካልሆነ አንቀበልም የሚሉም አሉ።

የማይቀበል ባንክ ከገጠመዎት ተስፋ አይቁረጡ። ባንኩ ኮዱን በኢሜይል የሚልክ ከሆነ ወይም በስልክዎ ላይ በጫኑት የባንኩ መተግበሪያ በኩል ‹‹እኔ ነኝ›› ብለው እንዲያጸድቁ የሚፈቅድ ከሆነ ያ ይበቃዎታል። አንዳንድ ባንኮች ደግሞ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ ይቀበላሉ፤ ይህ መተግበሪያ ኮዱን የሚያሰላው ስልኩ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። እኔ ለጎንደር ሰው የምመርጠው ይህንን ነው፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰዓት የጽሑፍ መልእክት መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያታክት ሁላችንም እናውቀዋለንና። ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ በርካሽ የቅድመ ክፍያ መስመር አዲስ የአሜሪካ ቁጥር ማውጣትና በዋይፋይ መልእክት እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ መስመሩ የሚከፈተው እዚያው አሜሪካ ስለሆነ የእህትዎ ልጅ ሊረዳዎት ይችላል። አገር ቤት ለመግባት የሚዘጋጁ ወገኖች ደግሞ ይህን ሁሉ ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ቢጨርሱት ከብዙ ድካም ይድናሉ።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንለፍ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ገንዘቡ እያለ፣ ሰው ልከውም እያስከፈሉ፣ የቀጣዎት የቀን መቁጠሪያ ልዩነት ነው። በሒሳብ መግለጫው ላይ 15 ተብሎ የተጻፈው የጃንዋሪ 15 ነው፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት ጥር 7 ይውላል። ጥር 15 ሲከፈል በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23 ሆኖ ስለነበር ስምንት ቀን ዘግይቷል። የጃንዋሪው ክፍያዎ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ከሚወርዱበት ከከተራ ሦስት ቀን እንደሚቀድም አድርገው ቢይዙት አይረሳዎትም። ይሁን እንጂ የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን፣ የእነርሱ ደግሞ 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ስለሆነ፣ የእነርሱ 15ኛ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከወር ወር ይንቀሳቀሳል፤ ጥቅምት ላይ 5፣ ነሐሴ ላይ 9 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ካሌንደር ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ ይግዙና ዓመቱን ሙሉ ቀኑን በቀይ ያክብቡት። የአሜሪካ ሕግ የመክፈያው ቀን በየወሩ ያው ቀን እንዲሆን ስለሚያስገድድ አንድ ጊዜ ያከበቡት አይለዋወጥብዎትም።

ሰዓቱም አለ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ባንኩ ለመጨረሻው ቀን ክፍያ የሚያስቀምጠው የመዝጊያ ሰዓት ከቀትር በኋላ ከአምስት ሰዓት በፊት ሊሆን አይችልም። ባንኩ በዋሽንግተን አካባቢ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ይህ በእኛ አቆጣጠር በበጋቸው ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው። እዚህ ላይ ‹‹አምስት ሰዓት›› የሚለውን አንብቦ እንደ እኛ ጧት 5 ሰዓት የሚረዳ ሰው ቢያንስ ቀድሞ ይከፍላልና አይጎዳም፤ ነገር ግን የመዝጊያውን ሰዓት እያሰሉ እስከ እኩለ ሌሊት መጠበቅን ለማንም አልመክርም።

ስለ ቅጣቱ ሲደውሉ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳያፍሩ፣ እንዲነሣልዎት ይጠይቁ። ለረጅም ጊዜ በወቅቱ ሲከፍል ለኖረ ደንበኛ የመጀመሪያውን ቅጣት መሰረዝ በብዙ ባንኮች የተለመደ ነው። ደግሞም ከ30 ቀን ያነሰ መዘግየት እንደ ደንቡ ወደ ብድር ታሪክ መዝጋቢዎች አይተላለፍምና ስምንት ቀን መዘግየትዎ ስምዎን አላጎደፈውም።

ሦስተኛው ወለዱ ነው። በክሬዲት ካርድ ዕቃ ሲገዙ የሒሳብ መግለጫው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 21 ቀን የመክፈያ ጊዜ ይኖርዎታል፤ በመግለጫው ላይ የተጻፈውን በሙሉ በጊዜው ሲከፍሉ በግዢው ላይ ወለድ አይታሰብም። ከኤቲኤም ገንዘብ ሲያወጡ ግን ይህ የእፎይታ ጊዜ የለም። ማሽኑ ብር ቢሰጥዎትም በባንኩ ዓይን ጥሬ ገንዘብ ተበድረዋል፤ ወለዱም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል፣ ብዙውን ጊዜም ከግዢው ወለድ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ በአብዛኛው 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ አንዳንድ ካርዶች ደግሞ ከአገር ውጭ ለሚደረግ ማንኛውም እንቅስቃሴ እስከ 3 በመቶ ይጠይቃሉ። እባክዎን በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ከእንግዲህ አያውጡ። ለጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልግዎ ከተቀማጭ ሒሳብዎ የሚቀንሰው ዴቢት ካርድ ወይም በሕጋዊ መንገድ በባንክ የሚላክ ሐዋላ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ወይም ምግብ ቤት ሲከፍሉም የካርድ መክፈያው ፖስ ማሽን ‹‹በዶላር ወይስ በብር›› ብሎ ቢጠይቅዎት ብርን ይምረጡ፤ በዶላር ሲሆን ምንዛሪውን የሚወስነው የማሽኑ ባለቤት ወገን ስለሚሆን የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።

ወደ ሒሳቡ በገቡ ዕለት መጀመሪያ ይህን ያድርጉ፤ አሜሪካ ካለው ተቀማጭ ሒሳብዎ በየወሩ በራሱ ጊዜ እንዲከፍል አውቶማቲክ ክፍያ ያዙለት። ሲያዙም ሦስት ምርጫ ይቀርብልዎታል፤ ‹‹ዝቅተኛውን ክፍያ››፣ ‹‹የመግለጫውን ሙሉ ሒሳብ›› ወይም ‹‹የተወሰነ መጠን›› የሚሉ ናቸው። ዝቅተኛውን መምረጥ ቅጣትን ያስቀራል እንጂ ወለድን አያስቀርም። ለምሳሌ 1,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ወለድ ሲታሰብበት የአንድ ወሩ ወለድ 20 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ዝቅተኛው ክፍያ 35 ዶላር ነው ብንል ከከፈሉት ውስጥ ዕዳውን የሚቀንሰው 15 ዶላር ብቻ ነው። በጡረታ ገንዘብ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ ሙሉውን ይምረጡ። እንዲህ ከተደረገ መብራት ቢጠፋ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ እርስዎም ለፍልሰታ ሱባዔ ገዳም ቢገቡ ክፍያው በቀኑ ይፈጸማል። በተጨማሪ በካርዱ ማንኛውም ገንዘብ በተከፈለ ቁጥር ኢሜይል እንዲደርስዎት ማሳወቂያውን ያብሩ፤ ያልፈጸሙትን ክፍያ ቶሎ የሚያዩት በዚያ ነው። በአሜሪካ ሕግ ካርድዎ ያለ ፈቃድዎ ቢሠራበት የእርስዎ ኃላፊነት ቢበዛ 50 ዶላር ነው፤ በሒሳብ መግለጫው ላይ ላለ ስሕተት ግን መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይጠበቅብዎታል።

ጥያቄ፦ በማራኪ ካምፓስ መምህር ነኝ። ባንኬ በከፈተልኝ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ላይ ‹‹ክሬዲት ካርድ›› ወስጃለሁ። ለስብሰባ ናይሮቢ ስሄድ ሆቴሉ 180 ዶላር ያዘብኝ፤ ስወጣ ደግሞ 150 ዶላር አስከፈለኝ፤ በመተግበሪያው ላይ ግን ሁለቱም ተቀንሰው ይታዩኛል። ከዚህም ሌላ መተግበሪያውን ከስልኬ ላይ ያጠፋሁት አንድ የኦንላይን አገልግሎት አሁንም በየወሩ ይቆርጥብኛል።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። በእጅዎ ያለው በአኃዝ 4 የሚጀምር፣ 16 አኃዝ ያለው ቪዛ ካርድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ክሬዲት ካርድ አያደርገውም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ገቢ ያላቸው ሰዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍተው ለውጭ አገልግሎት እንዲከፍሉበት ተፈቅዷል፤ በዚህ ሒሳብ ላይ የሚሰጠው ካርድ ከራስዎ ተቀማጭ የሚቀንስ ዴቢት ካርድ ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። በክሬዲት ካርድ ላይ ሌባ ቢያዝዝ ክርክሩ የሚካሄደው በባንኩ ገንዘብ ላይ ነው፤ በዴቢት ካርድ ላይ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ የጎደለው የእርስዎ ደመወዝ ወይም አበል ነው። ስለዚህ ለኦንላይን ግዢ የሚውለው ሒሳብ ላይ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያስቀምጡ፤ ካርዱንም በማይጠቀሙበት ጊዜ መተግበሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ቆልፈው ያቆዩት።

ሆቴሉ የያዘው 180 ዶላር ክፍያ አልነበረም፤ መያዣ ነው። ለዚህም ነው ‹‹ቀሪ ሒሳብ›› እና ‹‹ሊወጣ የሚችል ሒሳብ›› የተባሉት ሁለት መስመሮች የተለያየ ቁጥር የሚያሳዩት፤ የመጀመሪያው በሒሳቡ ያለው ገንዘብ ሲሆን ሁለተኛው መያዣው ተቀንሶ የቀረው ነው። መያዣው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ውስጥ ይለቀቃል። ከዚያ ካለፈ የሆቴሉን ደረሰኝ ይዘው ባንክዎ ይቅረቡ። ስለ ወርሃዊው ክፍያ ደግሞ፣ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ውሉን አያቋርጠውም። አገልግሎቱን ወደሚሰጠው ድርጅት ገጽ ተመልሰው በራስዎ ሒሳብ ገብተው ይሰርዙ፤ የመሰረዣውን ማረጋገጫ ኢሜይልም ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ቢቆረጥ ባንክዎ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚከራከረው በዚያ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ አርጅተዋል፤ የባንክ መተግበሪያቸውን የምከፍተው እኔ ነኝ። የሚስጥር ቁጥራቸውንም እኔ ዘንድ አስቀምጠዋል። ይህ ችግር አለው?

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅ አባቷን መጦሯ የተባረከ ነው፤ መንገዱ ግን ይለወጥ። ፒያሳ በሚገኝ አንድ ባንክ መስኮት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ አባት በየወሩ ይመጡ ነበር። ነጠላቸውን ገልጠው ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ያወጡና ‹‹እስቲ እየው ልጄ›› ብለው ይሰጡኝ ነበር፤ በካርዱ ጀርባ ላይ አራቱ የሚስጥር ቁጥሮች በሰማያዊ እስክሪብቶ በግልጽ ተጽፈዋል። እኔ ቀና ሰው ሆኜ ብመለከተውም፣ ያ ካርድ ከኪሳቸው ወድቆ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ሰው ምንም ሳይጠይቅ ያወጣበት ነበር። ያን ዕለት አብረን አዲስ ቁጥር ቀየርን፤ አዲሱንም እንዳይጽፉት በመልካም ቋንቋ ለመንኳቸው።

የአባትሽን ፈቃድ በሕግ ፊት የሚያጸና መንገድ አለ። በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ውክልና አውጥተሽ ለባንኩ ብታቀርቢ፣ የምትፈጽሚው ሁሉ በአባትሽ ወኪልነት የፈጸምሽው ተብሎ ይመዘገባል፤ ወንድሞችና እህቶች ቢጠይቁም መልስ ይኖርሻል። ከውጭ አገር ክሬዲት ካርድ ያለው ወላጅ ደግሞ ልጁን ‹‹ተጨማሪ ተጠቃሚ›› አድርጎ ማስመዝገብ ይችላል፤ የራሷ ካርድ ይሰጣታል፣ ዕዳው ግን የወላጅ ሆኖ ይቀጥላል። በስልክ ላይ እንደ አባትሽ ሆነሽ ባንክን ማነጋገር ግን ለመልካምም ቢሆን አይገባም፤ ባንኩ ከጠረጠረ ሒሳቡን ይዘጋዋል፤ የሚጉላሉትም እርሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ አዘዞ ሱቅ አለኝ። ‹‹ከባንክ ነው የምደውለው›› ያለ ሰው የካርዴን የመጀመሪያ ስድስት ቁጥሮች በትክክል ነገረኝና ለማስተካከል በስልኬ የመጣውን ኮድ ጠየቀኝ። ኮዱን ሰጠሁት። አሁን ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ባንኩንና የካርዱን ዓይነት የሚያመለክቱ ናቸው፤ ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ካርድ የያዘ ደንበኛ ሁሉ እነዚያኑ ቁጥሮች ይዟል። ሰውየው ያወቀው የእርስዎን ካርድ ሳይሆን ባንኩን ነው። ትክክለኛ የባንክ ሠራተኛ ኮድም ሆነ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም።

ይህን እንዳነበቡ ካርዱን በመተግበሪያው ላይ ይቆልፉ። ከዚያ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ 951 ነው። የደወለልዎት ቁጥር ላይ መልሰው አይደውሉ። ቀጥሎ የኢሜይልዎን፣ ከዚያም የባንክ መተግበሪያዎን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ኢሜይሉ የሚቀድመው የሌላው ሁሉ መክፈቻ በእርሱ በኩል ስለሚመጣ ነው። በማግስቱ ጧት መታወቂያዎን ይዘው ቅርንጫፍዎ ይሂዱ፤ የደወለውን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚገልጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን ያስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደርገው ለራስዎ ይያዙ። ፖሊስ ጣቢያም ሲያመለክቱ መጀመሪያ የሚጠይቁዎት ያንኑ ወረቀት ነው።